የታጠቡ አይጦች

ዊልማ ሃዳክ የምትጸየፋቸውን ነገሮች ቁጠሪ ቢሏት ጣቶቿ አይበቋትም። ፀጉር የተለጠፈበት ሳሙና፣ ሌላ ሰው የላሰው ማንኪያ፣ ያደረ እርጥብ ፎጣ፣ ሲያላምጡ የሚሰሙ ሰዎች። አይጥ ከነዚህ ጋር አይቆጠርም፤ አይጥ ለብቻው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ስትሠራ፣ አንድ ጠዋት ዱቄት መደርደሪያው ላይ አይጥ የጣለውን ጥቁር ፍሬ አየችና ያለውን ዱቄት በሙሉ አውጥታ ደፋችው። አለቃዋ ቢጮኽባት «እንግዲያው አንተ ብላው» አለችው። ያንግስታውን ከተማ ውስጥ ዕድሜው ከአርባ ዓመት በታች ሆኖ የዊልማን ማካሮኒ ያልበላ የለም፤ ከእሷ ወጥ ቤት በልቶ ሆዱን የታመመ ልጅ ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም። ይህን በሄደችበት ሁሉ ትናገራለች፤ ሳትጠየቅም ትናገራለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ይህች ሴት በስድሳ ስምንት ዓመቷ ምድር ቤት ያለውን ፍሪዘሯን ስትከፍት፣ ከአተሩና ፒሮጊ ከተባለው፣ በእጇ ድንች ሞልታ ጠቅልላ ካስቀመጠችው ሊጥ በታች ሃያ አምስት ነጭ አይጦች በላስቲክ ታሽገው ተኝተው ታገኛቸዋለች። ጅራታቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተደርድሯል። ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር ቋቅ ይላታል።

ጥፋቱ የባሏ የስታን ነው። ስታን የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባው ሚስት «ወይ እኔ፣ ወይ እባቧ» አለች፤ ሰውዬው ሚስቱን አስቀርቶ እባቧን ለስታን ሰጠ። ዊልማ ያቺን ሴት አግኝታት አታውቅም፤ ብልህነቷን ግን እስከ ዛሬ ታደንቃለች። እባቧ ቡናማና ጥቁር ቡራቡሬ የሆነች፣ ስትፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልላ ጭንቅላቷን መሀል የምትደብቅ ትንሽ የዘንዶ ዘር ናት። ስታን ስም አወጣላት፤ አይሪን። አይሪን ማለት የዊልማ እናት ስም ነው።

«በእናቴ ስም እባብ ትጠራለህ?» አለችው ዊልማ።

«ምን ላድርግ፣ እናትሽም እንደዚህ አፍጥጣ ነበር የምታየኝ። ይቺ ትሻላለች፤ በየበዓሉ አትመጣም።»

ሳምንት ተኳርፈው ሰነበቱና በስምምነት ታረቁ። እባቧ ከምድር ቤት አትወጣም። አይጥ በኩሽና በር አይገባም። ስታን አብልቷት ሲጨርስ እዚያው ምድር ቤት ባለው ገንዳ እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ታጥቦም ቢሆን አታምነውም። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ «ና እስቲ እጅህን» ትለዋለች፤ እጁን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታሸታለች፤ ፊቷን ታጨማድዳለች።

«ሂድ ታጠብ።»

«ታጠብኩ እኮ!»

«ሦስቴ ብትታጠብም ሽታው ቀኑን ሙሉ አይለቅህም። ሂድ ታጠብ!»

ስታን እየሳቀ ተመልሶ ይወርዳል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ እንዲህ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዊልማ እባቧ ስትበላ አንድ ቀን አላየችም፤ ለማየትም አልፈለገችም።

በጥር ወር ስታንን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ ንግግሩ ተሰባበረ፤ ዓይኑም ከግማሽ በላይ ደከመ፣ ስልክ ላይ ያለ የልጅ ልጁን ፎቶ እንኳን አይለይም። ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ማገገሚያው ቤት በተዛወረ ማግስት በደህናው በግራ እጁ የዊልማን ሹራብ ጨምድዶ ይዞ ረጅም ጊዜ ታገለና አንድ ቃል አወጣ።

«አይሪን።»

ዊልማ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። ቢሆንም «አበላታለሁ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ስታን ያበላት የነበረው በሕይወት ያለ አይጥ ነው። ዊልማ ወደ ከርቲስ ሱቅ ሄደች። ከርቲስ እባብና እንሽላሊት፣ የእነሱንም ቀለብ የሚሸጥ ጺማም ሰው ነው። ቀዳዳ ባለው ካርቶን አንድ አይጥ ሰጣት፤ አይጡ መኪናዋ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ካርቶኑን ሲቧጥጥ ጥርሷን ነክሳ ነዳች። ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጨፍና አይጡን መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ጣለችና ሮጣ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ተበላ።

ሦስተኛው ጊዜ በጾም ዓርብ ዋለ። በጾም ዓርብ ካቶሊኮቹ ሥጋ ትተው ዓሣ ስለሚበሉ የደብሩ አዳራሽ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል፣ የጥብሱ አለቃ ደግሞ ዊልማ ናት፤ እሷ ከሌለች የዘይቱን ግለት የሚያውቅ የለም። አይጡን ጨመረች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ሽርጧን ይዛ ሄደች። ስታን ግን ሁልጊዜ ወንበር ስቦ አይጡ ተውጦ እስኪያልቅ ድረስ እባቧ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሚቀመጥ ጠይቃው አታውቅም። ክፉ ደስታ ነው ብላ ነበር በሆዷ የምትንቀው።

አምስት ሰዓት ያህል ቆይታ ዘይት ዘይት እየሸተተች ተመለሰች። አይሪን ያን ቀን አልራባትም ነበር። አይጡ ግን ርቦት ነበር።

እባቧ እንደ ኳስ ተጠቅልላ ጭንቅላቷን ደብቃለች። አይጡ ጀርባዋ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፎቹን ይልሳል። ጀርባዋ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቆዳው ተገሽልጦ ቀይ ሥጋዋ ይታይ ነበር። ዊልማ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ። እባብ ነክታ የማታውቀው ሴትዮ እባቧን በሁለት እጇ አንስታ ልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችና ወደ እንስሳት ሐኪም በረረች። ዐሥራ አንድ ስፌት ሆነ። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የሞተ ብቻ ነው። በረዶ የሆነውን ገዝተው አሙቀው ይስጧት» አለቻት።

ለስታን አልነገረችውም።

ከርቲስ ሃያ አምስቱን አይጦች በላስቲክ አድርጎ ሰጣትና ዘዴውን ያስረዳት ጀመር።

«ቀላል ነው ወይዘሮ ሃዳክ። ከፍሪዘር አውጥተው አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩታል...»

«የምን ፍሪጅ?»

«ያው የቤትዎ ፍሪጅ።»

«ወተቴ አጠገብ?»

«በላስቲክ ነው እኮ።»

«ሚስት አለችህ አንተ?»

«ነበረችኝ።»

«አውቄ ነው የጠየቅሁህ።»

ከርቲስ ከት ብሎ ሳቀ። አልበላ ካለች ይረዳል ብሎ ለማዳ አይጦቹ የተኙበትን ሰጋቱራ በከረጢት ጨመረላት። ዊልማ ከረጢቱን ከነሽታው ጓሮ ያለው የዕቃ ጎጆ ውስጥ ወረወረችው።

አይጡ ፍሪጅ ውስጥ አላደረም። ምድር ቤት ባልዲ ውስጥ አደረ። ጠዋት ሁለት ጓንት ደርባ አነሳችው። በረዶው ለቆት ልፍስፍስ ብሏል፤ ሆዱን ሲነኩት ይሰረጉዳል፣ ቢጫ ጥርሱ ተገልጧል፣ ከሥሩም የሆነ ውሃ ይንጠባጠባል። ሰቀጠጣት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእጇ ሳይታጠብ የወጣ ሥጋ የለም፤ ይህም ቢሆን ሥጋ ነው፣ የሚበላም ነው። ሎሚ ሎሚ በሚሸተው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አረፋ አወጣችና አይጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ፈተገችው። በሦስት ውሃ አለቀለቀችው። ሲያልቅ ከብዙ ሰዎች የተሻለ ንጹሕ ነበር። በሙቅ ውሃ አሙቃ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዛ፣ ከርቲስ እንዳሳያት አይሪን ፊት አወዛወዘችው።

አይሪን ምላሷን አወጣች። ምላሷን መለሰች። ፊቷን አዙራ ተጠቀለለች።

መጋቢት እንዲህ አለቀ። ሚያዝያም አለቀ። በየሳምንቱ አንድ አይጥ ይቀልጣል፣ ይታጠባል፣ ይሞቃል፣ ይወዛወዛል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆነ፤ የእባቧ አከርካሪ ግን በቆዳዋ ሥር ጎልቶ መታየት ጀመረ። ዊልማ ምድር ቤት ቆማ «ብዪ እንጂ አንቺ ርጉም!» ትላታለች። አንዳንዴ ደግሞ «እባክሽ» ትላታለች።

ማገገሚያው ቤትም ነገሩ ያው ነበር። የስታን ጉሮሮ ስለደከመ ምግቡ ሁሉ ተፈጭቶና ልሞ ነው የሚቀርብለት። የዚያ ቤት ወጥ ቤት ደግሞ፣ በሽተኛው እንዳይከፋው ብሎ፣ የፈጨውን ዶሮ በቅርጽ ማውጫ መልሶ የዶሮ እግር ያስመስለዋል። የላመውን ካሮት መልሶ ካሮት ያደርገዋል። ላዩ ላይ ግራጫ መረቅ ይፈስበታል። አጥንት የሌለው፣ ቆዳ የሌለው፣ ማንኪያ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ የዶሮ እግር! ዊልማ መጀመሪያ ያየችው ዕለት አይጦቹ እንኳን ተሽለው ታይተዋታል፤ አይጥ ቢያንስ አይጥ ነው። ስታን አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። የምታስታምመው ሮዛሊንድ በእናትህ በአባትህ ብላ ሁለት ማንኪያ ካጎረሰችው ያን ቀን ተሳክቶላታል።

በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ሮዛሊንድ ዊልማን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ሚስ ዊልማ፣ ሐኪሙ ሰኞ ይመዝነዋል። ከዚህ ከቀነሰ በሆዱ በኩል ቱቦ ይገባለታል ብሏል። እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉ።»

የስታን ወንድም በቱቦ እየተመገበ ስምንት ወር ተኝቶ ነው የሞተው። ስታን ከቀብሩ ሲመለሱ መኪና ውስጥ «እኔን እንደዚያ ካደረግሽኝ አልምርሽም» ብሏት ነበር። ሲቀልድና ሲምል ድምፁን ለይታ ታውቃለች፤ ያን ቀን እየማለ ነበር።

ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ምሳው ቀርቧል፤ ያው የዶሮ እግር። ስታን በየቀኑ የሚጠይቃትን ጠየቃት።

«በላች?»

«በላች» አለች ዊልማ። በየቀኑ የምትለው ይህንኑ ነው። «ዛሬ ጠዋት። ጥርግ አድርጋ።»

ስታን በግራ እጁ እጇን ጎትቶ አፍንጫው ላይ አደረገው። አሸተተ።

«ሎሚ።»

«ታጥቤ ነዋ የመጣሁት!»

«ውሸት።» ትንሽ አረፈና ጨመረ፤ «አይለቅም... ብለሽ።»

የገዛ ቃሏ ነው የያዛት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረጃ ላይ ቆማ የጮኸችው ቃል። ዊልማ ማንኪያውን አስቀመጠችና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ዓርቡን፣ የዓሣ ጥብሱን፣ ዐሥራ አንዱን ስፌት፣ ከሁለት ወር በላይ ጾሟን የከረመችውን እባብ። «ትቻት ሄድኩ» አለች። «አንተ ለምን እንደምትቀመጥ አላውቅም ነበር። እሷን ልትጠብቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ማልቀሷም አናደዳት።

ስታን «እንዴት... ታደርጊያለሽ?» አላት።

«እንዴት ማለት? በረዶው እስኪለቅ ባልዲ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አሞቀዋለሁ...»

«ታጥቢ?»

«አዎ።»

«አይጡን?»

«ታዲያ ሳላጥበው ላብላት?»

«በምን?»

የሎሚው ሽታ እጇ ላይ ነው፤ መልስ አያስፈልገውም። ከስታን ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሮዛሊንድ ታነቀ ብላ ሮጣ ገባች። አልታነቀም። በግማሽ ፊቱ እየሳቀ ነው፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንባው በጆሮው ላይ እየወረደ «በጠረኑ ነው... በጠረኑ ነው ቀለቧን የምታውቀው» አላት። እስኪረጋጋ ጠበቁት። «አትጠቢው። ጭንቅላቱን... በመርፌ ውጊው።»

ባሏ ከሞት አፋፍ ሆኖ የሚመክራት ጠረኑ እንዲወጣ የአይጥ ጭንቅላት ስለ መውጋት ነው። አፉን ግን አሁንም ገጠመ። አይሪን ካልበላች እሱም አይበላም፤ ነገሩ ከልጅ እልህ የማይሻል እልህ ነው፣ ዊልማ ግን ይህን ሰው ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ምድር ቤት ወረደች። ሳሙናውን ላይ ትታው ነው የወረደችው። ያደረው አይጥ ከነጠረኑ ባልዲው ውስጥ ይጠብቃታል። ጓንቱ ላስቲክ ላስቲክ ስለሚሸት አወለቀችው። ባዶ እጇን ሰድዳ ስታነሳው ፀጉሩ መዳፏ ላይ ተለጠፈ፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውርር አደረጋት። በላስቲክ አድርጋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ አወጣችው፣ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ በምታምርበት የፀጉር ማድረቂያዋ አደረቀችው። ሞቅ ያለ የአይጥ ጠረን ምድር ቤቱን ሞላው፤ ሽንትም፣ አቧራም፣ ሌላ ስም የሌለው ነገርም አለበት። ምላሷ ላይ ቀመሰችው። ከዕቃ ጎጆው ያመጣችውን የከርቲስን ሰጋቱራ ትሪ ላይ ዘርግታ፣ ዓሣ በዱቄት እንደምታንከባልለው አይጡን አንከባለለችው።

የቀረው መርፌው ነው። የተቀደደ እጅጌ የምትሰፋበትን ወፍራም መርፌ ይዛ ነበር። «ማርያም ሆይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችና ወጋችው። አንድ ነገር ተንጠባጠበ። ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ዊልማ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አይብ ቀምሳ አታውቅም።

መቆንጠጫውን አስገባች። አይሪን ምላሷን አወጣች። መለሰችው። እንደገና አወጣች፤ አሁን ፈጠን ፈጠን እያደረገች። አንገቷ ቀስ ብሎ እንደ እንግሊዝኛው ዜድ ፊደል ተጣጠፈ። ከዚያ መቆንጠጫው ከእጇ ተመነጨቀ፤ እንዴት እንደሆነ አላየችም፤ ብቻ አይጡ በሦስት ዙር ጥምጥም መሀል ታንቆ ይጨመቅ ነበር፣ ሞቶ ካለቀ ሰንብቶ ሳለ።

ሮጣ መውጣት ትችል ነበር። የስታንን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መንጋጋው ሲላቀቅ፣ ቆዳው ሲለጠጥ፣ የአይጡ ትከሻ እየተገፋ ሲገባ፣ የኋላ እግሮቹ ተንጋለው ሲጠፉ አንድ በአንድ አየችው። ጅራቱ መጨረሻ ላይ ቀርቶ ከአፏ ዳር ተንጠልጥሎ ቆየና እንደ ፓስታ ተስቦ ገባ። ያኔ ዊልማ ተነስታ ገንዳው ላይ ጎንበስ አለችና ቁርሷን በሙሉ አስመለሰችው። አፏን በክንዷ ጠርጋ ዞር ስትል አይሪን ምላሷን እያወጣች አፍጥጣ ታያታለች። በእርግጥም እናቷን ትመስላለች።

ቧንቧውን ልትከፍት እጇን ሰደደች። ቆመች።

ፎቶ ብታነሳ አይታየውም። ቃሏን ብትሰጠው ስንት ጊዜ ዋሽታዋለች። እጆቿን አየቻቸው፤ ሰጋቱራው በጥፍሯ ሥር ገብቷል፣ መዳፏ ይጠነባል። ቧንቧውን ሳትከፍት ወጣች። ሃያ ደቂቃውን መንገድ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍታ፣ መሪውን በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ይዛ ነዳች። ትራፊክ መብራት ላይ አፍንጫዋን ልታክ ፈልጋ በቁጣ እንባዋ መጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሮዛሊንድ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ከለለች።

«ጌታ ሆይ! ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዊልማና አልፋት ገባች።

ስታን ነቅቷል። የምሳው ትሪ ተከፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል፤ የዶሮ እግሩ ላይ መረቁ ቆዳ ሠርቷል።

«በላች?»

ዊልማ እጇን ዘረጋችለት። ስታን በግራ እጁ ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ አሸተተ፣ ቆመ፣ እንደገና በረጅሙ ሳበው። ዓይኑን ጨፈነ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቃትም። ከዚያ ፊቱን ልክ እንደ እሷ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረጃው ጫፍ ላይ እንደምታጨማድደው አጨማደደው፤ ግማሹ ብቻ ነው የታዘዘለት።

«ሂጂ... ታጠቢ» አላት።

ዊልማ ወደ ክፍሉ ቧንቧ ሄዳ በሚያቃጥል ውሃ ታጠበች፤ ሦስት ጊዜ፣ እስከ ክርኗ። ዞር ስትል ስታን አፉን ከፍቶ እየጠበቃት ነበር።